የማይታየው ሞገድና የአይጦች ጠባይ

ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ በአጋሮ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የቡና ገበሬ ያቀረቡልኝ ነው። መልሱን ፈልጌ በሬዲዮ እናገራለሁ ብዬ ቃል ስለ ሰጠሁ፥ ቃሌን ለመፈጸም እነሆ ቀርቤአለሁ።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት ለሥራ ጉዳይ ወደ ጅማ ወርጄ ነበር። ከጅማ ተነሥቶ በየቡ በኩል ወደ አጋሮ የሚሄድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ቢመለከት፥ በአንድ ወገን ቀይ እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፥ በሌላው ወገን ጀንፈሉ በግቢ ተዘርግቶ ያያል። ቀና ቢል ደግሞ በኮረብታው ራስ ላይ የቴሌፎን ማማ ያያል። ሞባይል ቴሌፎን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1999 ነው። (ነገሩ ከውጭ አገር ምርመራዎች ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) ያን ጊዜ ማማ ማየት የአዲስ አበባ ሰው ነገር ነበር። ዛሬ ግን ለሊሙ ገነት፥ ለሰቃ፥ ለሰርቦና ለሶኮሩ ሰው አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በ2022 ሁለተኛ ኩባንያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ገበሬ ሁሉ ኪራይ የሚጠይቀው እንግዳ ሊመጣበት ይችላል።

ያነጋገሩኝም ሽማግሌ እንዲህ ያለ እንግዳ የመጣባቸው ናቸው። ከአባታቸው የወረሱትን የቡና ጫካ ይጠብቃሉ፤ በዛፍ ላይም ቀፎ ይሰቅላሉ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፥ አንተ የሬዲዮ ሰው ነህና ይህን ንገረኝ። ከኮረብታዬ ላይ ማማ ለመትከል ኪራይ እንክፈልህ ብለውኛል። ጎረቤቶቼ በዚህ ምክንያት ተከፋፈሉ፤ ሰላምታ የነሡኝም አሉ። አንዱ ከስልኩ ላይ ያነበበውን ነገረኝ። ይህ ሞገድ የተለቀቀባቸው አይጦች ይቁነጠነጣሉ፥ መንገድ ይስታሉ፥ የተማሩትን ይረሳሉ ይላል። የመጨረሻዪቱ ልጄ በዚህ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች። ከወዲሁ ትፈዛለች፤ ስንጠራት ትቆጣለች። ኪራዩን የምበላው የልጄን አእምሮ ሽጬ ነውን?»

አንባብያን ሆይ፥ ለዚህ ጥያቄ በዚያው በቶናው ላይ መልስ መስጠት አልቻልሁም። አንደኛው ምክንያት አለማወቄ ነው። ሁለተኛው ግን እኔ ራሴ እንጀራዬን የምበላው በዚሁ በሞገድ መሆኑ ነው። የሬዲዮ ሰው ስለ ሞገድ ደግነት ሲመሰክር፥ ነጋዴ ስለ ራሱ ቡና ሲመሰክር እንደ መስማት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረውን በዚሁ ጥርጣሬ እንድትመዝኑልኝ እለምናለሁ።

አስቀድመን የነገሩን ባሕርይ እንመልከት። ኤሌክትሮማግኔታዊ ጨረር የሚባለው አንድ ትልቅ ቤተ ሰብ ነው። የፀሐይ ብርሃን፥ የከሰል ምድጃ ሙቀት፥ የሬዲዮና የቴሌፎን ሞገድ፥ በሆስፒታል አጥንት የሚታይበት ራጅ፥ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የሚለያዩት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገቡ ነው። አንዱ የተለመደ የቴሌፎን ሞገድ በሴኮንድ 900 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህም 900 ሜጋኸርዝ ይባላል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ከብርሃን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ራጅ ግን ከብርሃንም በጣም የበለጠ ስለ ሆነ የሰውነትን ጥቃቅን ቅንጣቶች የመስበር ኃይል አለው። የቴሌፎን ሞገድ ይህ ኃይል የለውም። ያለ ጥርጥር የታወቀው ሥራው ማሞቅ ነው። ስለዚህ «ጨረር» የሚለውን ቃል ስንሰማ ራጅንና የአቶም ቦምብን ከቴሌፎኑ ጋር ባንድ ከረጢት መክተት አይገባም።

ለመጠኑም ምሳሌ ልስጥ። እኩለ ቀን ላይ በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ያህል ነው። እንዲህ ካለው ጨረር ሰውን ለመጠበቅ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ደግሞ በ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለሕዝብ የፈቀደው የመጨረሻ ልክ በካሬ ሜትር 4 ዋት ተኩል ነው። ይህን ሰምታችሁ ነገሩ አለቀ እንዳትሉ። የፀሐይ ብርሃን ከቆዳ ላይ ይቀራል፤ የሬዲዮ ሞገድ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ አንጎልን ይነካል። ስለዚህ ሊቃውንቱ እንስሳትን መጠየቅ ነበረባቸው።

አይጥን ስለ ልቧ ሁኔታ እንዴት ይጠይቋታል? ይህ የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ብዙ ብልሃት የተደረገበት ነገር ነው። አንዱ ብልሃት የመስቀል ቅርጽ ያለው ከመሬት ከፍ ያለ መሄጃ ነው። ሁለቱ ክንዶቹ ግድግዳ አላቸው፤ ሁለቱ ግን ገደል ላይ እንደ ተጋደመ ሳንቃ ባዶ ናቸው። አይጥ በጠባይዋ ጥግ ትወዳለች፤ ሆኖም ለማወቅ ትጓጓለችና ወደ ባዶው ክንድ ብቅ ትላለች። የተጨነቀች አይጥ ግን ከግድግዳው ሥር አትወጣም። ደቂቃው ይቈጠራል፤ ጭንቀቷም በደቂቃ ይለካል። ለማስታወስ ችሎታ ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሞሪስ በ1981 በጽሑፍ ያወጣው የውኃ ገንዳ አለ። ውኃው እንዳያሳይ ይደፈርሳል፤ ከውኃው ሥር አንዲት መቆሚያ ትደበቃለች። አይጧ ዋኝታ መቆሚያዋን ካገኘች በኋላ በማግሥቱ በቀጥታ ወደዚያው ከሄደች አስታውሳለች ማለት ነው፤ ዙሪያውን ከዞረች ረስታለች።

በጅማ ዩኒቨርሲቲም ነጫጭ አይጦች በቤተ ሙከራ ውስጥ ያገለግላሉ። እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚመረመርባቸው አባቶቻችን መድኃኒት ነው የሚሏቸው ዕፅዋት ኃይል ነው። የሞገዱ ምርመራ ስመ ጥር የሆነው ግን በውጭ አገር፥ ይልቁንም በአሜሪካ፥ ስለ ሆነ ወደዚያው እንሻገር።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የባሕር ኃይሉ ሥራ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ጆን ደ ሎርጅ የሚባል መርማሪ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር፥ በፔንሳኮላ ባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ፥ አይጠ መጎጦችንና ሁለት ዓይነት ጦጣዎችን ምግብ ለማግኘት መዘውር እንዲጫኑ አስተማረ። ከዚያ ሞገድ ለቀቀባቸው። ሞገዱ እየበረታ ሲሄድ እንስሳቱ ሥራቸውን አዘገዩ፤ በመጨረሻም ተዉት። ሥራ የተዉትም የሰውነታቸው ሙቀት አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲጨምር ነበር። የአይጡ፥ የትንሿም ጦጣ፥ የትልቋም ጦጣ ልክ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ካሉ ምርመራዎች ተሰብስቦ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 4 ዋት የሚባለው ልክ ወጣ። የሙያ ሠራተኞች ከዚህ አንድ አሥረኛው፥ ሌላው ሕዝብ ግን አንድ ሃምሳኛው ብቻ እንዲደርሰው ተወሰነ። እንግዲህ ዛሬ በየማማው ሥር ያለን ሰው የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ልክ የተነሣው ምግቧን ከመፈለግ ከቦዘነች ጦጣ ነው። እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ በጣም ተደነቅሁ። የእንስሳት ጠባይ ለሕግ መሠረት ሆኗልና።

ሆኖም የሽማግሌው ጎረቤት ያነበበው ይህን አይደለም። እርሱ ያነበበው ሳያሞቅ ስለሚያፈዝ ሞገድ ነው። ጠቡም ያለው በዚህ ላይ ነው።

በ1994 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሄንሪ ላይና ባልደረቦቹ አይጠ መጎጦችን ለ45 ደቂቃ ለ2450 ሜጋኸርዝ ሞገድ አጋልጠው፥ እንደ ፀሐይ ጮራ ብዙ ክንድ ባለው መሄጃ ውስጥ ምግብ እንዲፈልጉ አደረጉ። ብልህ አይጥ የበላችበትን ክንድ ደግማ አትጎበኝም። ሞገድ የተለቀቀባቸው ግን ደጋግመው ተሳሳቱ። ዜናው በዓለም ተሰማ። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በ2004፥ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች፥ አንዱ በአሜሪካ አንዱ በፈረንሳይ፥ ያንኑ ሙከራ ደገሙት። አይጦቹ አልተሳሳቱም። ታዲያ የትኛው እውነት ነው? አይጧ ከጎጆዋ ስትወሰድ፥ በማታውቀው ክፍል ስትቀመጥ፥ በሰው እጅ ስትነካ ትፈራለች፤ የፈራች አይጥ ደግሞ ትሳሳታለች። በአንዳንድ ሙከራዎች ጭንቅላቷ ወደ አንቴናው እንዲያዞር በጠባብ ቱቦ ውስጥ ትታሰራለች። መታሰሯ ብቻውን ያስጨንቃታል። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ሙከራ የሚባለው ሌሎች አይጦችም በዚያው ቱቦ ታስረው፥ በዚያው ክፍል ተቀምጠው፥ ሞገዱ ግን ተዘግቶ ሲመረመሩ ነው። ይህ የይስሙላ ሙከራ ይባላል። በጅማ አጠገብ በመልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል አዲስ የቡና ዝርያ ሲፈትን የቆየውን ዝርያ በዚያው አፈርና በዚያው ጥላ አጠገቡ የሚተክለው ለዚሁ ነው። ይህ ካልተደረገ ዝናቡ ያደረገውን ዝርያው አደረገው ይባላል።

በ2012 ደግሞ በየል ዩኒቨርሲቲ በሂዩ ቴይለር መሪነት የተሠራ ሌላ ሙከራ ታተመ። በእርጉዝ አይጦች ጎጆ ላይ በጥሪ ላይ ያለ፥ ድምፁ የተዘጋ ሞባይል ቴሌፎን በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ሌት ተቀን ተቀመጠ። ለማመሳከሪያ በተመረጡት ላይም እንዲሁ ቴሌፎን ተቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን አይሠራም። ግልገሎቹ ሲያድጉ የሞገድ ልጆች የሆኑት ይቅበዘበዛሉ፥ ፍርሃታቸው ይቀንሳል፥ ማስታወሳቸውም ደከም ይላል ተባለ። ይህ ሙከራ ማመሳከሪያ አለው፤ ስለዚህ አልንቀውም። ሽማግሌው ጎረቤት ያነበበው ምናልባት ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል። የአይጥ ጽንስ በትንሽ እናት ሆድ ውስጥ ነው፤ የሰው ጽንስ ግን ብዙ ሥጋና ውኃ ይጋርደዋል። ትንሿ አይጥ እንዲሁ በመጠኗ ምክንያት ሙሉ ሰውነቷ ሞገዱን ይቀበለዋል። ሰው ቴሌፎን ሲያናግር ግን የሚቀበለው በጆሮው በኩል ያለው የራሱ ክፍል ነው። በዚያም ላይ ያለ ማቋረጥ ሌት ተቀን የሚያናግር ሰው እኔ አላየሁም፤ (በአጋሮ መናኸሪያ ያሉ ደላሎች ብቻ ይቀርባሉ)።

አሁን ወደ አስገራሚው ነገር ደረስሁ። ለጅማም ሰው የሚነካው ይህ ነው። በሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጋሪ አሬንዳሽ በእርጅና የሚመጣውን የመርሳት በሽታ፥ አልዛይመር የሚባለውን፥ እንዲይዛቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ነበሩት። በ2009 ለእነዚህ ያረጁ አይጦች በውኃቸው ውስጥ ካፌይን፥ ማለት ቡናን ቡና የሚያደርገውን ንጥረ ነገር፥ ሰጣቸው። መጠኑ ለሰው ሲመነዘር በቀን አምስት ስኒ ያህል ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አይጦቹ የረሱትን ማስታወስ ጀመሩ አለ። ይህ ዜና በጅማ ቢነገር ማን ይከራከራል? ያው ሰው፥ በዚያው ዩኒቨርሲቲ፥ በዚያው ዓይነት አይጥ፥ በ2010 ሌላ ጽሑፍ አወጣ። በቀን ሁለት ጊዜ፥ አንድ አንድ ሰዓት፥ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር የቴሌፎን ሞገድ የተለቀቀባቸው አይጦችም ማስታወሳቸው ተሻለ አለ። ጎጆዎቹ በአንድ አንቴና ዙሪያ ተደርድረው ነበር። መርማሪው ራሱ ይጎዳል ብሎ ጠብቆ እንደ ነበር ተናግሯል።

እንግዲህ ምን እንበል? ቡናው አይጥን አዳነ ሲባል «እውነት ነው» ብለን፥ ሞገዱ አይጥን አዳነ ሲባል «ውሸት ነው» ልንል ነውን? ወይስ ማማ ተካዩ ኩባንያ ይህን ጽሑፍ ይዞ መጥቶ «ሞገዳችን መድኃኒት ነው» ቢለን እንቀበለው? ሁለቱም ልክ አይደለም። መርማሪው ኋላ በራስ ላይ የሚደረግ የሞገድ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ መሥርቷል፤ በ2019 ስለ ስምንት በሽተኞች የታተመውም ሙከራ ማመሳከሪያ ቡድን አልነበረውም። ጉዳት የሚያሳየውን አይጥና ጥቅም የሚያሳየውን አይጥ የምንመዝንበት ሚዛን አንድ መሆን አለበት።

ሚዛኑን ደግሞ የጅማ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የቡና ቀማሽ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ይረዳኛል። ናሙናው ሲቀርብለት የባለቤቱ ስም ተሰውሮ ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል። ቀማሹ የዘመዱ ይሁን የባላንጣው አያውቅም። ይቀምሳል፥ ይተፋል፥ ነጥብ ይሰጣል። ከአንድ ስኒ ላይ ብቻም አይፈርድም፤ ከዚያው ናሙና ሌላ ስኒ፥ ሌላም ስኒ ይቀምሳል። የአይጥ ሙከራም እንዲሁ ነው። ደቂቃውን የሚቈጥረው ሰው የትኛዪቱ አይጥ ሞገድ እንደ ተለቀቀባት ካወቀ ዓይኑ ያዳላል። አንድ ስኒ ብቻ ከተቀመሰም ፍርዱ አይጸናም።

በነገራችን ላይ፥ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1991 ቡናን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚለው ተራ ከትቶት ነበር። በ2011 የሬዲዮ ሞገድን በዚያው ተራ አስቀመጠ። በ2016 ቡናን ከዚያ ተራ አወጣው። ስለዚህ አምስት ዓመት ያህል ቡናና ቴሌፎን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከረሙ። በዚያ ዘመን በአጋሮ ቡና መጠጣት ያቆመ ሰው እንዳልነበረ እገምታለሁ። ሞገዱ ግን እስካሁን ከወንበሩ አልተነሣም። ይህ የካንሰር ጉዳይ ነውና ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ወደ ጠባይና ወደ አእምሮ እንመለስና፥ በጣም የሚያሳምነውን ሙከራ ልንገራችሁ። ይህኛው በአይጥ ሳይሆን በወፍ ነው፤ የሚነካውም የእኔን ሙያ ነው። ሮቢን የምትባል ትንሽ የአውሮጳ ወፍ ሌሊት ስትሰደድ መንገዷን የምታውቀው የምድርን መግነጢስ እየተከተለች ነው። በጀርመን አገር በኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በእንጨት ጎጆ የተቀመጡ ሮቢኖች ግን አቅጣጫው ጠፋባቸው። ጎጆዎቹ ከመሬት ጋር በተያያዘ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ በተሸፈኑ ጊዜ አቅጣጫቸውን አገኙ። ቆርቆሮው ከመሬት ሲፈታ ደግሞ ጠፋባቸው። ይህ ለሰባት ዓመት ተደጋገመ፤ የሚቈጥሩትም ሰዎች የትኛው ጎጆ እንደ ተጋረደ አያውቁም ነበር። በ2014 ሲታተም ተጠያቂው ሞገድ ተለይቶ ተጻፈ። የቴሌፎን ማማ አልነበረም። ከ50 ኪሎኸርዝ እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለው ነበር፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚረጩትና የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ያለበት ክልል ነው። ከከተማ ወጣ ሲሉ ወፎቹ ደኅና ሆኑ። አንባብያን ሆይ፥ ሁላችን ማማውን ስንከስስ ሳለን ወፏ ግን የሬዲዮውን ሰው ከሰሰችው። ይህን ደብቄ ባልፍ በመጀመሪያ የለመንኋችሁ ጥርጣሬ ተገቢ በሆነ ነበር።

ሽማግሌው ስለ ንቦቻቸውም ጠይቀውኝ ነበር። በ2011 ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ፋቭር በጥሪ ላይ ያለ ቴሌፎን በቀፎ ውስጥ፥ ከሰፈፉ አጠገብ፥ አስቀመጠ። ከሃያ አምስት እስከ አርባ ደቂቃ ውስጥ ሠራተኞቹ ንቦች የሁከት ድምፅ ማሰማት ጀመሩ፤ ይህ ድምፅ ንብ ስትታወክ ወይም ለመውጣት ስትዘጋጅ የምታሰማው ነው። ሆኖም ቀፎውን ጥለው አልወጡም። ቴሌፎን በቀፎ ውስጥ የሚያስቀምጥ ንብ አርቢ በጌራ ጫካ ይኖራል ብዬ አልጠረጥርም። ማማ ከቀፎ ብዙ ሜትር ርቆ ሲቆም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

በሶኮሩ በኩል ያላችሁ ደግሞ ስለ ኤሌክትሪኩ መስመር ትጠይቁ ይሆናል። በ2004 ሥራ ከጀመረውና 184 ሜጋዋት ከሚያመነጨው ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚወጣው ታላቅ መስመር በእርሻችሁ ላይ ያልፋል። ይህ በሴኮንድ 50 ጊዜ ብቻ የሚርገበገብ ነው። በቻይና ተሠርቶ በ2008 በታተመ ምርመራ አይጦች በቀን አራት ሰዓት ለእንዲህ ያለ መግነጢስ ለ25 ቀን ሲጋለጡ ጭንቀታቸው ጨመረ ተባለ። መጠኑ ግን 2000 ማይክሮቴስላ ነበር። ለሕዝብ የተፈቀደው ዓለም አቀፍ ልክ 200 ነው፤ ከመስመር ሥር የሚለካው ደግሞ ከዚያም በእጅጉ ያንሳል።

ሰዎችስ ምን ሆኑ? ሞገድ ሲነካን ራሳችን ይዞራል፥ ልባችን ይጨነቃል የሚሉ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው፤ የሚያስመስሉ አይደሉም። በ2005 በለንደን ሊቃውንት 31 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስበው 725 እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞገዱ መከፈትና መዘጋቱን ሳያውቁ እንዴት እንደ ሆኑ መረመሩ። ሰዎቹ ሞገድ መኖሩን ለይተው የሚያውቁበት አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም። የተከፈተ መስሏቸው ሳለ በተዘጋውም ታመሙ። በ2024 በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት የተሠራ ሌላ ማሰባሰቢያ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ለሞገዱ መጋለጥ የሰውን የማሰብ ችሎታ እንደማይቀንስ ገለጸ። አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት ልጨምር። በእንቅልፍ ላይ ባሉ ሰዎች የአንጎል የኤሌክትሪክ ምት ላይ ጥቂት ለውጥ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሰዎቹ በማግሥቱ ደኅና ናቸው፤ ለውጡ ግን አለ።

እንግዲህ ለሽማግሌው ምን ልመልስላቸው? ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ደወልሁላቸው። ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር፤ ማማው ከሰፈራቸው ሩቅ ነውና። ይህንኑ መነሻ አድርጌ ነገርኋቸው።

«አባቴ፥ ሞገድ በራቀ መጠን በእጅጉ ይደክማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናል። የማማው አንቴና ደግሞ ሞገዱን ወደ አድማስ ነው እንጂ ወደ እግሩ ሥር አይወረውርም። አሁን በጆሮዎ ላይ ያለው ቴሌፎን ግን ማማው ስለ ራቀበት ባለው አቅም ሁሉ ይጮኻል፤ ማማው ሲቀርብለት ድምፁን በመቶዎች እጥፍ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ ማማው ይራቅልን ሲሉ ጆሯቸው የሚቀበለው ሊበዛ ይችላል።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ታዲያ ልፈርም?» አሉኝ።

«ስለ መፈረሙ እኔ አልናገርም፤ መሬቱ የእርስዎ ነው፥ ጎረቤቶቹም የእርስዎ ናቸው» አልኋቸው። «ነገር ግን ከመፈረምዎ በፊት ኩባንያው አንቴናው የሚያይበትን አቅጣጫ፥ በቅርቡ ባለው ቤት ደጃፍ የሚለካውን ኃይልና ዓለም አቀፉን ልክ በጽሑፍ አድርጎ ለሰፈሩ ያሳይ። ካሳየ በኋላም የተጠራጠረ ሰው ቢኖር ከ2019 ጀምሮ ቴሌኮምን የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ አቤት ይባላል።»

ከዚያ ስለ ልጃቸው ጠየቅሁ። ሌሊት ቴሌፎኗን የት አድርጋ ነው የምትተኛው አልኋቸው። ሳቁ። «ከትራሷ ሥር ነዋ! ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሲያበራ እያየሁ አልፋለሁ፤ ጅብ እስኪጮኽ አትተኛም» አሉኝ። አይጥም ብትሆን እንቅልፍ ከተከለከለች መቆሚያዋን በገንዳው ውስጥ እንደማታገኝ በብዙ ቤተ ሙከራ የታየ፥ ሲደጋገምም የጸና ነገር መሆኑን ነገርኋቸው።

የሰፈሩ ሰዎች ስብሰባ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በቡና ማድረቂያው ግቢ ነው። ሰላምታ የነሷቸውም ጎረቤት እንደሚመጣ ነግረውኛል፤ ወረቀቱን አንብቦ የሚያስረዳቸው እርሱ እንዲሆን ተስማምተዋል።